«አልመልስም» ያለው ባላባት አንድ ነገር ግን ደብቆ ነበር

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ስለ ስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ሳነብ ከመሥራቾቹ አንዱ ሮበርት ካኒንግሃም ግሬሃም የሚባል የመሬት ባላባት መሆኑን አየሁ። ሌላ ቦታ ደግሞ በብሪታንያ ፓርላማ የመጀመሪያው ሶሻሊስት ይሉታል። ባላባት እንዴት ሶሻሊስት ይሆናል? የምሩን ነው ወይስ ማስመሰል? ሚስቱስ ማን ነበረች? ልጆችስ ነበሯቸው?»

በአጭሩ ልመልስና ከዚያ ወደ ዝርዝሩ እንግባ። የምሩን ነበር። ልጅ አልወለዱም። የሚስቱ ነገር ግን በአንድ መስመር አያልቅም። ማን እንደነበረች በአደባባይ የታወቀው ከሞተች 80 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እሱን ወደ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ። ቀኖቹንም፣ ወሮቹንም፣ ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። ስኮቶች እንዲህ ያለውን ሰው «ሌርድ» ይሉታል። እኔም «ባላባት» ብዬ የምተረጉመው ለመግባባት ያህል ነው። ሌርድ እና ሎርድ አንድ አይደሉም። ሎርድ ማዕረግ አለው፤ በዚያ ዘመን በሎርዶች ምክር ቤት ወንበርም ይወርሳል። ሌርድ ያለው መሬት ብቻ ነው። ፓርላማ መግባት ከፈለገ እንደማንኛውም ሰው ተወዳድሮ የሕዝቡን ድምፅ ማግኘት አለበት። ይህን ካላወቅን የሰውዬው ሕይወት ግራ ያጋባል።

ካኒንግሃም ግሬሃም የተወለደው ግንቦት 24 ቀን 1852 ለንደን ውስጥ ነው። የቤተሰቡ ዋና ርስት ጋርትሞር ይባላል፤ ከስተርሊንግ በስተምዕራብ፣ ከፍተኛው የስኮትላንድ ተራራማ ምድር ከመጀመሩ በፊት ያለ ቦታ ነው። ዘራቸውን እስከ ንጉሥ ሮበርት ዳግማዊ ድረስ ይቆጥራሉ። እንዲያውም በዘር ቆጠራ ከሄድን የስኮትላንድ ዙፋን የሚገባው ለእሱ ነው የሚሉ ነበሩ። እሱ ራሱ፣ መብቴ ቢከበር ኖሮ ንጉሥ ነበርኩ፤ ግን ከሦስት ሳምንት በላይ አልቆይም ነበር እያለ ይቀልድ ነበር ይባላል።

የስሙ ጉዳይም ራሱን የቻለ ወሬ ነው። አርዶክ በሚባለው በሌላው የቤተሰቡ ርስት የውርስ ደንብ መሠረት ወራሹ አባቱ በሕይወት እስካለ ድረስ ቦንቲን ነው የሚባለው። ስለዚህ ልጁ ያደገው፣ የተማረውና ያገባው ሮበርት ቦንቲን ተብሎ ነው። «ካኒንግሃም ግሬሃም» የሆነው በ1883 አባቱ ሲሞት፣ በ31 ዓመቱ ነው። ስም እንደ ካፖርት የሚወለቅና የሚለበስ ነገር መሆኑን ከልጅነቱ ያውቃል ማለት ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

በእናቱ በኩል ደሙ ስፓኒሽ ነው። አያቱ የካዲዝ ሴት ነበረች፤ ስኮትላንዳዊ አድሚራል አገባች። እናቱ አን የተወለደችው በ1828 ቬኔዙዌላ አጠገብ ባሕር ላይ፣ አባቷ በሚያዘው የጦር መርከብ ውስጥ ነው። ሮበርት ስፓኝኛ የለመደው ከዚህች አያቱ ነው። ቋንቋው በኋላ እንጀራውም፣ ፍቅሩም፣ ስሙም ሆነ።

አባቱ ሻለቃ ቦንቲን ፈረሰኛ መኮንን ነበር። ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት ደርሶበት ከዚያ በኋላ አእምሮው ተናጋ። አንዳንዴ ደህና ነው፤ አንዳንዴ ቤተሰቡ ይፈራዋል። መጨረሻ ላይ በሐኪም ጥበቃ ሥር ዋለ። ርስቱን የሚያስተዳድር ሰው ፍርድ ቤት ሾመ። አስቡት፤ የትልቅ ርስት ወራሽ ነህ፤ ግን እያንዳንዷን ሳንቲም የሚቆጣጠረው የማታውቀው የሒሳብ ሰው ነው። ሮበርት በታዋቂው የሃሮ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ብቻ ቆየ። ጥቂት ብራስልስ ተማረ። ከዚያ በ1870፣ ገና 18 ሳይሞላው፣ በከብት እርባታ ሀብት አገኛለሁ ብሎ ወደ አርጀንቲና ተሳፈረ።

ሀብት አላገኘም። የደረሰው የእርስ በርስ ጦርነት መሃል ላይ ነው። ግን ከጋውቾዎቹ፣ ማለትም ከሜዳው ፈረሰኛ ከብት ጠባቂዎች፣ ጋር ኖረ። እንደነሱ ጋለበ፣ እንደነሱ ገመድ ወረወረ። «ዶን ሮቤርቶ» የሚለውን ስም ያገኘው እዚያ ነው። እስኪሞት የተጠራበትም ይኸው ነው። በኔ ግምት ሶሻሊዝሙም የተፀነሰው መጽሐፍ ላይ ሳይሆን እዚያ ነው። የጌታና የሎሌ ልዩነት በፈረስ ችሎታ የሚፈርስበት አገር አይቶ መጣ። ተመልሶ ስኮትላንድን ሲያያት ጠበበችው።

በ1883 ርስቱን ሲረከብ ታዲያ ምን አገኘ? ወደ 100,000 ፓውንድ የሚጠጋ ዕዳ። የዚያን ጊዜ 100,000 ፓውንድ ከዛሬው ጋር አይወዳደርም። ጭሰኛው ኪራይ ይከፍላል፤ ኪራዩ ለአበዳሪዎች ወለድ ይሄዳል፤ ሌርዱ መሃል ቆሞ ያያል። ስሙ የከበደ፣ ኪሱ የቀለለ ሰው ነበር። እዚህ ላይ አንዳንድ ጸሐፊዎች «ከሰረና ሶሻሊስት ሆነ» ብለው ሊያቃልሉት ይሞክራሉ። እኔ አልቀበለውም። በዚያ ዘመን የከሰረ ባላባት ሞልቷል፤ አብዛኛው ሀብታም ሚስት ያገባል እንጂ መሬት የመንግሥት ይሁን ብሎ አይወዳደርም። ዕዳው ያደረገለት ሌላ ነገር ነው፤ የመሬት ባለቤትነት ከውስጥ ምን እንደሚመስል አሳየው።

የቤተሰቡ ታሪክም የሚያኮራ ብቻ አይደለም። የአያቱ አያት፣ እሱም ሮበርት ግሬሃም የሚባል፣ ወጣትነቱን ያሳለፈው ጃማይካ ነው። የሸንኮራ እርሻና ባሪያዎች ነበሩት። ጋርትሞር ተመልሶ ግጥም ጻፈ፣ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሬክተር (በምርጫ የሚሰጥ የክብር ሹመት ነው) ሆነ፣ በ1794 ፓርላማ ገባ፣ የፈረንሳይን አብዮትም ደገፈ። በባሪያ ጉልበት በተገኘ ገንዘብ ስለ ነጻነት የሚናገር ሰው! ካኒንግሃም ግሬሃም የዚህን ቅድመ አያቱን ሕይወት በ1925 በመጽሐፍ አወጣው። ሌላው ቤተሰብ ቢሆን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ይተወው ነበር።

አሁን ወደ ፖለቲካው። በ1885 ተወዳድሮ ወደቀ። በ1886 በሊበራል ፓርቲ ስም የሰሜን ምዕራብ ላናርክሻየርን ወንበር አሸነፈ። አካባቢው የድንጋይ ከሰልና የብረት አገር ነው፤ መራጮቹ ቆፋሪዎች ናቸው። የያዘው ፕሮግራም የራሱን ፓርቲ አለቆች ሳይቀር አስደነገጠ፦ የሎርዶች ምክር ቤት ይፍረስ፣ መሬትና ማዕድን የሕዝብ ይሁን፣ የሥራ ቀን ከስምንት ሰዓት አይብለጥ፣ ለተማሪዎች ነጻ ምግብ ይሰጥ፣ ለስኮትላንድ የራሷ ፓርላማ ይኑራት። አንዳንዱ ዛሬ ተራ ነገር ነው። ያኔ የዕብድ ወሬ ነበር።

«የመጀመሪያው ሶሻሊስት የፓርላማ አባል» የሚለው ግን ማስተካከያ ይፈልጋል። ራሱን ሶሻሊስት ብሎ ጠርቶ እዚያ የተቀመጠ የመጀመሪያው እሱ ነው መባሉ ትክክል ነው። የተመረጠው ግን በሊበራል ካርድ ነው። በሠራተኛ ስም ብቻውን ቆሞ ያሸነፈው ኪር ሃርዲ ነው፣ በ1892። ሁለቱ ወዳጆች ነበሩ። በ1888 የስኮትላንድ ሌበር ፓርቲን አብረው ሲመሠርቱ ባላባቱ ፕሬዚዳንት፣ የከሰል ቆፋሪው ሃርዲ ጸሐፊ ሆኑ።

«የምሩን ነው ወይ?» ላሉት ጥያቄ ከሁሉ የተሻለው መልስ ኅዳር 13 ቀን 1887 ነው። በለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ሰልፍ ተከለከለ። ሥራ አጡም፣ የአየርላንድ ደጋፊውም፣ ሶሻሊስቱም ክልከላውን ንቆ ወጣ። ግሬሃም ከሠራተኛ መሪው ጆን በርንስ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዞ ወደ ፖሊሱ መስመር ገባ። በዱላ ጭንቅላቱን ተፈነከተ። ደሙ እየፈሰሰ ተያዘ። ቀኑ «ደም የፈሰሰበት እሑድ» ተብሎ ቀረ። ፍርድ ቤት ጠበቃው ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው አስኲዝ ነበር። ከሁከትና ፖሊስ ከመምታት ክስ ነጻ ወጣ፤ በሕገወጥ ስብሰባ ግን ስድስት ሳምንት ተፈረደበት።

ፔንተንቪል እስር ቤት ገባ። በዚያ ዘመን እስረኛ ከሚሠራው ሥራ አንዱ አሮጌ የመርከብ ገመድ መፍታት ነው። ገመዱ በሬንጅ የደረቀ ነው። ክሩን አንድ በአንድ በጣትህ ትለያለህ፤ የመርከብ ስንጥቅ ለመድፈን ይሸጣል። ቀኑን ሙሉ። የንጉሥ ዘር የፓርላማ አባልም ተቀምጦ ይህንኑ ፈታ። ለይስሙላ የሚኖር ሰው እዚህ ድረስ አይሄድም።

ከእስር ወጥቶም አልተመከረም። ቀድሞም በ1887 የሎርዶችን ምክር ቤት ደፈርክ ተብሎ ታግዶ ነበር። በታኅሣሥ 1888 ደግሞ የክሬድሊ ሂዝን ነገር አነሳ። ክሬድሊ ሂዝ በእንግሊዝ መሃል አገር ያለ ከተማ ነው። ሴቶች በጓሮ በተተከለች ምድጃ ላይ ብረት እያጋሙ ሰንሰለት ይቀጠቅጣሉ፤ ክፍያው ከምንም አይቆጠርም። ግሬሃም ጉዳዩ ይታይ አለ፤ የመንግሥት ወገን አሻፈረኝ አለ። እሱም ይህ ክብር የሌለው ተንኮል ነው ብሎ ፊት ለፊት ተናገረ። አፈ ጉባኤው ቃልህን አንሳ አሉት። «የተናገርኩትን አልመልስም» አለ። ውጣ ሲባል፣ «እሺ፣ ወደ ክሬድሊ ሂዝ እሄዳለሁ» ብሎ ወጣ። በርናርድ ሾው ወዳጁ ነበርና ያቺን «አልመልስም» የምትል አነጋገር ወስዶ ለአንድ የቴአትር ገጸ ባሕርይው አፍ ሰጣት።

እዚህ መሃል ስለ ፈረሱ ካላወራሁ ቅር ይለኛል። አንድ ቀን ግላስጎው መንገድ ላይ ትራም የሚጎትት ጥቁር ፈረስ ሲያስቸግር አየ። አልገራ ያለው ያ ፈረስ የአርጀንቲና ዝርያ ነው። እንደሚባለው የከብት ማህተሙን አይቶ የትኛው ርስት እንደሆነ ሳይቀር አወቀ። ወዲያው ገዛው። ፓምፓ ብሎ ስም አወጣለትና ሃያ ዓመት ያህል ጋለበው። የፓርላማ አባል ሳለም በዚሁ ፈረስ እየጋለበ ይመጣ ነበር። ሠዓሊው ጆን ላቨሪ በፓምፓ ላይ ተቀምጦ ስሎታል። ትራም ጎታቹ ስደተኛ ፈረስና ዕዳ ያለበት ሌርድ፤ ሁለቱም ከልጓሙ ጋር አልተስማሙም።

በ1892 ግላስጎው ካምላኪ ውስጥ ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ ፓርላማ ዳግም አልገባም። የቀረውን ዘመን ጻፈ፣ ተጓዘ። በ1897 ሞሮኮ ውስጥ ለአውሮፓውያን ዝግ ወደነበረችው ታሩዳንት በመሰወር ሊገባ ሲል አንድ የአትላስ ተራራ ገዢ ይዞ አስቀመጠው። ከታሪኩ አንድ መጽሐፍ ወጣው። በ1900 ደግሞ የማይቀረው መጣ። ጋርትሞር ተሸጠ፤ የገዛው የመርከብ ድርጅት ባለጠጋ ነው። መሬት ለሕዝብ ይሁን ያለው ሰው መሬቱን ያጣው ለነጋዴ ነው። እሱም ባለቤቱም በጣም ነው ያዘኑት። በዚህ የሚያሾፍ አንባቢ አይጠፋም፤ እኔ ግን አላሾፍም። የአባት ቤት ሌላ ነው፣ መርህ ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ስኮትላንድ ሲሆን የኖረው በክላይድ ወንዝ ዳርቻ ባለችው አነስተኛ የአርዶክ ቤት ነው።

አሁን ወደ ሚስቱ። ጥቅምት 24 ቀን 1878 ለንደን ውስጥ በመዘጋጃ ቤት ተጋቡ። ስሟ ጋብሪዬላ ተባለ። የተነገረው ታሪክ ይህ ነው፦ ቺሊ ተወለደች፣ አባቷ ፈረንሳዊ እናቷ ስፓኒሽ ናቸው፣ ወላጅ አልባ ሆና ፓሪስ ገዳም ትምህርት ቤት አደገች፣ አንድ ቀን የሮበርት ፈረስ መንገድ ላይ ሊጥላት ሲል ተዋወቁ። እንግሊዝኛ ስትናገር የውጭ ሰው ቅላፄ አላት። ሲጋራ ከእጇ አይጠፋም። ከሠርጉ በኋላ ቴክሳስና ሜክሲኮ ሄደው በጥጥ ንግድ ሞከሩ፤ ከሰሩ፤ ባልየው ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ የሻሞላ ፍልሚያ አስተማረ። እንግሊዝ ተመልሰው እሷም በሶሻሊስት መድረክ ንግግር ታደርግ ነበር። ስፓኝን በየገዳሙ ዞራ ስለ ቅድስት ቴሬዛ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ በ1894 አሳተመች። ተራ ሴት አልነበረችም።

ግን ቺሊን አይታ አታውቅም። እውነተኛ ስሟ ካሮላይን ሆርስፎል ነው። በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር፣ ማሻም የምትባል ትንሽ ከተማ የአንድ ሐኪም ልጅ ነበረች። ገና ልጅ ሳለች ተዋናይት እሆናለሁ ብላ ከቤት ጠፋች። ያኔ ተዋናይት ማለት በጨዋ ቤተሰብ ዘንድ ከስድብ የሚቆጠር ነው፤ ለሌርድ ሚስትነት አይደለም፣ ለምሳ ግብዣም አትጠራም። ሁለቱ ታሪኩን ፈጥረው 28 ዓመት ኖሩበት። ባልየው ያውቅ ነበር። እናቱም ታውቅ ነበር። ሌላው ዓለም፣ ጸሐፊ ወዳጆቻቸውን ጨምሮ፣ የቺሊዋን ሴት ነው የሚያውቀው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ሐቀኛ ነው የሚባለው ምኑ ላይ ነው?» ይላል። እኔ እንዲህ ነው የማየው። በአፈ ጉባኤ ፊት ቃሉን የማይመልስ ሰው፣ የራሱን ቅድመ አያት የባሪያ ንብረት በመጽሐፍ የሚያወጣ ሰው፣ የሸሸገው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም የሷ ነው፤ የሱ አይደለም። የመግለጥ መብቱም የሷ ነበር። ደግሞ ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኩትን አስታውሱ፤ ራሱም በሦስት ስም የኖረ ሰው ነው። ቦንቲን ተብሎ አገባ፣ ግሬሃም ተብሎ ተመረጠ፣ ዶን ሮቤርቶ ተብሎ ተወደደ። ጋብሪዬላ የመረጠችውን ስም ሐሰት ነው ብሎ የሚደነግጥ አይመስለኝም።

በመስከረም 1906 ከስፓኝ ስትመለስ ድንበሩ ላይ ባለችው የፈረንሳይ ከተማ በኦንዴ አረፈች። አስከሬኗን ወደ ስኮትላንድ አመጣ። በሜንቲዝ ሐይቅ ውስጥ ኢንችማሆም የምትባል ደሴት አለች፤ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን የቆየ የገዳም ፍርስራሽ አለባት። የቀድሞ አባቶቹ አገር ናት። መቃብሯን እዚያ በገዛ እጁ ቆፈረ ይባላል።

ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ኖረ፤ አላገባም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በ62 ዓመቱ ለብሪታንያ ጦር ፈረስ ሊገዛ ኡሩጓይ ሄደ። ሥራውን አልወደደውም፤ ፈረሶቹ ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃላ። እናቱ በ1925 በ97 ዓመቷ እስክትሞት ድረስ ለንደን ቤቷ የጸሐፊዎች መሰብሰቢያ ነበር። በ1928 የስኮትላንድ ናሽናል ፓርቲ ሲቋቋም ሽማግሌው መሪ ሆኖ ተሰለፈ። በዚያው ዓመት ለግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሬክተርነት ከጠቅላይ ሚኒስትር ባልድዊን ጋር ተወዳደረና በ66 ድምፅ ብቻ ተሸነፈ። ለንደን ደነገጠች። በ1934 ይህ ፓርቲና ሌላ አንድ ፓርቲ ተዋሕደው እርስዎ ያነበቡት ፓርቲ ሲመሠረት የክብር ፕሬዚዳንት አደረጉት። «መሥራች» መባሉ ከዚህ ነው። የዕለት ተዕለቱን የድርጅት ሥራ የሠሩት ግን ወጣቶቹ ናቸው፤ እሱ ስሙንና ድምፁን ነው የሰጠው።

መጋቢት 20 ቀን 1936 ቦነስ አይረስ ሆቴል ውስጥ ሞተ፤ 83 ዓመቱ ነበር። የአርጀንቲና ፕሬዚዳንት መጥቶ ተሰናበተው። አስከሬኑ ወደ ወደብ ሲሄድ ማንቻ እና ጋቶ የሚባሉ ሁለት ፈረሶች ከኋላ ተከተሉ፤ ከቦነስ አይረስ እስከ ሰሜን አሜሪካ በእግራቸው ሄደው ስም ያተረፉ ፈረሶች ናቸው። በሚያዝያ ሚስቱ አጠገብ፣ ደሴቷ ላይ ተቀበረ።

ልጅ ስላልነበረው አርዶክ ያለፈው ለወንድሙ ለቻርልስ ልጅ ለአንገስ ነው። አንገስ የባሕር ኃይል አድሚራል ሆነ፤ ቤተሰቡም ምስጢሩን ጠበቀ። በ1980ዎቹ የአንገስ ልጅ የዘመዷን ታሪክ ስትጽፍ ነው ካሮላይን ሆርስፎል የሚለው ስም የወጣው።

አካባቢውን የማየት ዕድል ካገኙ ከሐይቁ ዳር ካለው መሣፈሪያ ነው የሚነሱት። ድሮ ጀልባ የሚጠራው በስልክ አይደለም። አንድ ሰሌዳ አለ፤ ነጩን ጎኑን ወደ ደሴቷ ያዞሩታል፤ ጀልባ ቀዛፊው አይቶ ይመጣል። ሁለቱ ያሉት በገዳሙ ፍርስራሽ ውስጥ ነው፤ ጎን ለጎን።